ማን ለካው? ስለ «ወቅታዊ ጉዳዮች» ፈተናና ስለ ታሪክ

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ አንድ ቀጭን ጥራዝ ነው፡፡ ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ለአንድ መሥሪያ ቤት የቅጥር ፈተና ሲዘጋጅ ቤቴ መጣ፡፡ በእጁ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጥ፣ በስቴፕለር የተያያዘ፣ «ጠቅላላ ዕውቀትና ወቅታዊ ጉዳዮች» የሚል ርዕስ ያለው ጥራዝ ይዟል፡፡ በአራት ክፍል የተከፈለ ነው፤ መንግሥትና አስተዳደር፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ መከላከያ፣ አካባቢ ጥበቃ፡፡ ከየጥያቄው ሥር አራት አራት ምርጫ አለ፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ መልሶቹ በፊደል ተደርድረዋል፡፡

«ጋሼ፣ የተጠራጠርኳቸውን ጥቂት ጥያቄዎች ብቻ ይንገሩኝ፡፡ ታሪኩ ይቅርብኝ፤ ፈተናው ሐሙስ ነው» አለኝ፡፡

አልፈረድኩበትም፡፡ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ያለፈው፣ ለአንድ የሥራ ቦታ ከመቶዎች ጋር የሚሰለፍ ወጣት ታሪክ ላውራ ቢሉት ጊዜ የለውም፡፡ ሆኖም «ታሪኩ ይቅርብኝ» ያላት ቃል ሌሊቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች፡፡ ለምን እንዳልወጣች በጽሑፌ መጨረሻ እገልጻለሁ፤ የእኔም ጥፋት አለበትና፡፡ አስቀድሜ ግን ከጥራዙ አራት ክፍሎች አንዳንድ ጥያቄ መርጬ፣ ለእርሱ ያልነገርኩትን ለአንባብያን ልንገር፡፡

አንደኛ፡ የክልሎች ቁጥር

«የኢትዮጵያ ክልሎች ስንት ናቸው?» ይላል ጥራዙ፡፡ መልሱ «ሐ. 11» ነው፡፡ ልጁ ይህ ስህተት እንደሆነ ያውቃል፤ ትክክለኛው 12 ነው፡፡ ጥራዙን ያዘጋጀው ሰው የቆየ ጥያቄ ገልብጦ ይሆናል እንጂ ከአየር አላመጣውም፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት 11 ትክክለኛ መልስ ነበር፡፡

ነገሩን ከሥሩ እንየው፡፡ በ1967 ዓ.ም. መግቢያ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ አገሪቱ 14 ጠቅላይ ግዛት ነበራት፡፡ ደርግ ስሙን «ክፍለ ሀገር» አለው፡፡ በ1980 ዓ.ም. ኢሕዲሪ ሲመሠረት ካርታው እንደገና ተቀደደና 24 የአስተዳደር አካባቢዎችና 5 ራስ ገዞች ሆነ፡፡ በ1984 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ አገሪቱን በ14 ክልሎች አዋቀራት፡፡ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 47 ዘጠኝ ክልሎችን ዘረዘረ፡፡ ስለዚህ «14» ብሎ የሚመልስ ሰው የ1966ቱንም የ1984ቱንም ኢትዮጵያ በአንድ ቁጥር ሊጠራ ይችላል፤ ሁለቱ ካርታዎች ግን የሚገናኙበት ነገር የለም፡፡ አንዱ በጠቅላይ ግዛት ገዥ፣ ሌላው በብሔረሰብ ማንነት የተቆረሰ ነበር፡፡

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ያው አንቀጽ 47 ዘጠኙን ከዘረዘረ በኋላ ወዲያው በንዑስ አንቀጽ 2 በክልሎቹ ውስጥ ያሉ ብሔር ብሔረሰቦች በማንኛውም ጊዜ የየራሳቸውን ክልል የማቋቋም መብት እንዳላቸው መደንገጉ ነው፡፡ ማለትም ሕጉ ቁጥሩን ሲጽፍ የሚለወጥበትንም በር አብሮ ከፍቷል፡፡ ጥያቄው በቀረበ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደራጃል ይላል፡፡ የሲዳማ ጥያቄ ይህን ጊዜ አልፎ፣ በሐምሌ 2011 የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ፡፡ በዚያው ዓመት ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ፡፡ በ2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተከተለ፡፡ በ2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የቀረው አካል የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተብሎ፣ በሕገ መንግሥቱ በስሙ የተጠቀሰው የደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ከካርታው ጠፋ፡፡

ልጁ «12» ብሎ አንድ ነጥብ ያገኛል፡፡ ከ9 ወደ 10 የተሄደበት መንገድ የሰው ደም እንዳለበት ግን ጥራዙ አይነግረውም፡፡ ነገ በአስተዳደር ቢሮ ተቀምጦ ተመሳሳይ ጥያቄ በማመልከቻ ሲቀርብለት የሚያስፈልገው ግን ቁጥሩ አይደለም፤ ጥያቄ ሲዘገይ ምን እንደሚከተል ማወቁ ነው፡፡

ሁለተኛ፡ የሳተላይቷ ክብደት

የሳይንሱ ክፍል «የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ክብደት ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፡፡ መልሱ ትክክል ነው፤ 72 ኪሎ ግራም፡፡ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን ማዕከል የመጠቀችውን መሬት ቃኚ ሳተላይት ብዙዎቻችን በደስታ አስታውሰናታል፡፡ ደስታው አግባብ ነበር፡፡

ነገር ግን በዚህች አገር ሰማይንና መሬትን በመሣሪያ መከታተል በ2012 አልተጀመረም፡፡ በ1950 ዓ.ም. ግድም፣ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በሚከበርበት ወቅት፣ በቀዳማዊው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቁሟል፡፡ አዲስ አበባ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ በመሆኗ ለዓለም ሳይንስ የምትፈለግ ቦታ ነበረች፡፡ ተቋሙን የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዌን፣ ከመሣሪያው ንባብ ባሻገር ያለፉትን ዘመናት መዛግብት አገላብጠው የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ጻፉ፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1979 ታተመ፡፡ በነሐሴ 1898 አዲስ አበባን ያናወጠው መንቀጥቀጥ፣ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ ተከታትሎ የመጣውና የማጀቴን ከተማ ያፈራረሰው መንቀጥቀጥ በሥራቸው ውስጥ ተመዝግበዋል፡፡

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአፋር አካባቢ ምድር ለወራት ስትንቀጠቀጥ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ሲነሡ፣ የአዲስ አበባ ፎቅ ነዋሪዎችም በሌሊት ወደ ደረጃ ሲሮጡ፣ ብዙ ሰው «እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር ታይቶ አይታወቅም» ሲል ሰምቻለሁ፡፡ የተማሩ ሰዎችም ብለውታል፡፡ ታይቶ ይታወቃል፤ ተጽፏልም፡፡ በስምጥ ሸለቆ ዳር ፎቅ የሚያቆም ትውልድ የሳተላይቷን ክብደት እየሸመደደ የካራ ቆሬን ዓመት ካላወቀ፣ የሕንፃ ደንብን እንደ ወረቀት ጣጣ ቢቆጥር አይገርመኝም፡፡

ሦስተኛ፡ የባሕር ኃይሉ ዓመት

በመከላከያ ክፍል «የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እንደገና እንዲቋቋም የተወሰነው መቼ ነው?» የሚል ጥያቄ አለ፡፡ ሐሳቡ በ2010 ዓ.ም. መገባደጃ በአደባባይ ተነገረ፤ በቀጣዩ ዓመትም ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ፡፡ «እንደገና» የምትለው ቃል ግን ሌላ ጥያቄ አዝላለች፡፡ የመጀመሪያው የት ሄደ?

ኤርትራ በመስከረም 1945 በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተቀላቀለች በኋላ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ በኖርዌይ መኮንኖች እገዛ ምፅዋ ላይ ባሕር ኃይል ተደራጀ፡፡ «ኢትዮጵያ» የተባለችው ትልቋ መርከብ በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘች ነበረች፡፡ ፌዴሬሽኑ በ1955 ዓ.ም. ፈረሰ፤ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ቀጠለ፤ በየካቲት 1982 ምፅዋ በሻዕቢያ እጅ ወደቀች፡፡ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ የተረፉት መርከቦች ወደ የመን ሸሹ፡፡ በሚያዝያ 1985 በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ሆነች፡፡ ከየመን ወደ ጅቡቲ የተሻገሩት መርከቦች በ1988 እና በ1989 ዓ.ም. መባቻ ተሸጡ፤ ባሕር ኃይሉም ተበተነ፡፡ ከዚያ ወዲህ ከ1990 እስከ 1992 የተደረገው ጦርነት በሁለቱም ወገን የአሥር ሺዎችን ሕይወት ቀጠፈ፡፡

ዛሬ የባሕር በር ጉዳይ በየመድረኩ ይነሣል፡፡ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድና ከዓመት በኋላ በታኅሣሥ 2017 በአንካራ ከሶማሊያ ጋር የተደረሰው ስምምነት በሚቀጥለው ጥራዝ ውስጥ የምርጫ ጥያቄ እንደሚሆኑ አልጠራጠርም፡፡ የባሕር በር ጥያቄ መነሣቱን አልቃወምም፤ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ስለ ወደብ ባታስብ ነበር የሚገርመው፡፡ የምሰጋው የፌዴሬሽኑን መፍረስ፣ የምፅዋን ውጊያና የ1985ቱን ሕዝበ ውሳኔ ሳያውቅ ስለ ባሕር የሚናገር ትውልድ ነው፡፡ የት እንደጠፋ ያልጠየቁትን ነገር መልሶ ማግኘት ይከብዳል፤ ምን ዋጋ እንዳስከፈለም ካልታወቀ ያው ዋጋ ሁለተኛ ይጠየቃል፡፡

አራተኛ፡ የደን ሽፋኑ

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ደረስኩ፡፡

የአካባቢ ጥበቃው ክፍል የሚጀምረው በአረንጓዴ ዐሻራ ነው፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል፤ ይህ የታወቀ ነው፡፡ ሁለተኛው ጥያቄ ግን እንዲህ ይላል፡፡ «በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኢትዮጵያ የደን ሽፋን ምን ያህል ነበር?» መልስ፤ «ለ. 40 በመቶ»፡፡

ይህን ቁጥር የማያውቅ የተማረ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም፡፡ በመማሪያ መጻሕፍት፣ በዐውደ ጥናት፣ በሬዲዮ፣ በፖሊሲ ሰነድ ሰምተነዋል፡፡ «40 በመቶ ነበር፤ ወደ 3 በመቶ ወረደ» እንላለን፡፡

የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ፣ ለማስተማር አዲስ በነበርኩበት ጊዜ፣ ይህንኑ ጥያቄ በፈተና ላይ አወጣሁ፡፡ አንድ ተማሪ ከምርጫዎቹ አንዱንም አላከበበም፡፡ በኅዳጉ ላይ «ያን ጊዜ ማን ለካው?» ብሎ ጻፈ፡፡ ዜሮ ሰጠሁት፡፡ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ በትሕትና ያንኑ ደገመልኝ፤ «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማን ለክቶት ነው?» እኔም «ማስታወሻህ ላይ ያለውን ጻፍ» ብዬ ሸኘሁት፡፡ ሁለት ነጥብ ነበር፡፡

ዓመታት ቆይቶ፣ ለዶክትሬት ጥናቴ ሳነብ፣ አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ኢትዮጵያ የደን መመናመን ትረካዎች ያሳተሙት ጥናት እጄ ገባ፡፡ ማካን ያቀረቡት ጥያቄ የዚያ ተማሪ ጥያቄ ነው፡፡ የ40 በመቶው ቁጥር ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲተላለፍ ኖረ እንጂ፣ በልኬት ላይ የቆመ መሠረት እንደሌለው አሳዩ፡፡ እስኪ እናስበው፡፡ በ1892 ዓ.ም. ግድም የአገሪቱ ወሰን ራሱ ገና በስምምነት እየተሠመረ ነበር፡፡ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈው በነሐሴ 1921 ነው፡፡ የአየር ፎቶ የለ፣ የደን ቆጠራ የለ፡፡ ታዲያ ከመቶው አርባው ደን መሆኑን ማን አወቀ?

ይህን ስል ደን አልተጨፈጨፈም ማለቴ አይደለም፡፡ ደን ተጨፍጭፏል፤ አፈሩ ታጥቧል፤ በዐይናችን አይተነዋል፡፡ አዲስ አበባ ራሷ ከተቆረቆረች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማገዶ አጥታ፣ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤተ መንግሥት እስከማሠራት ደርሰው ነበር፡፡ ከተማዋን ያተረፋት በ1880ዎቹ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፡፡ ታሪኩ ይህን ይመስላል፤ በአንዱ ዘመንና ቦታ ይጠፋል፣ በሌላው ይተከላል፣ አንዳንዴም ገበሬው ራሱ መልሶ ያበቅለዋል፡፡ «ከ40 ወደ 3» የሚለው አንድ መስመር ግን ይህን ሁሉ ደምስሶ ገበሬውን ብቻ ተከሳሽ ያደርጋል፡፡

ሌላም አለ፡፡ በ2007 ዓ.ም. አገሪቱ አዲስ የደን ትርጉም አጸደቀች፡፡ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሚሸፍን፣ ዛፉ 2 ሜትር የሚደርስ፣ ጥላው 20 በመቶ የሚሆን መሬት ደን ተባለ፡፡ በዚህ ትርጉም የደን ሽፋኑ 15 ከመቶ ተኩል ሆኖ ለዓለም ቀረበ፡፡ ትርጉሙ በመስፋቱ ቀድሞ በደንነት ያልተቆጠረ የጫካ መሬት ወደ ሒሳቡ ገባ፡፡ አዲሱን ቁጥር ከአሮጌው 3 በመቶ ጎን አስቀምጦ «በዚህን ያህል አደገ» የሚል ሰው የተተከለውን ዛፍና የተለወጠውን ቃል አንድ ላይ እየደመረ ነው፡፡ ስለዚህ «የደን ሽፋናችን ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ቅን መልስ የሚጀምረው «በየትኛው ትርጉም?» በሚል ጥያቄ ነው፡፡ በጥራዙ ላይ ግን እንዲህ የሚል ምርጫ የለም፡፡

ፈተናውና ፈተናችን

በጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ እኔም ከፈታኞቹ አንዱ ነበርኩ፡፡ ከስድስት ዓመት በፊት፣ በግንቦት 2008፣ ፈተናው ተሰርቆ በመውጣቱ መሰረዙን የምናስታውስ ሁሉ ጥብቅ ቁጥጥር ማስፈለጉን እንረዳለን፡፡ ውጤቱ ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ተማሪዎች፣ ማለትም ከመቶ 3 ነጥብ 3 ብቻ ሆኑ፡፡ አገር ደነገጠ፡፡ ተማሪውን የወቀሰ ነበር፤ መምህሩን የወቀሰ ነበር፤ ፈተናውንም የወቀሰ ነበር፡፡

እኔ በዚያ አዳራሽ ስመላለስ ያየሁት፣ ጥያቄውን ሳያነቡ ክቡን የሚያጠቁሩ ልጆችን ነው፡፡ መጀመሪያ ስንፍና መሰለኝ፡፡ በኋላ ሳስበው ግን እኛው ያስተማርናቸው ነገር ነው፡፡ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መልስ እንጂ ጥያቄ አልሰጠናቸውም፡፡ የሚጠይቀውንም ዜሮ ሰጥተን መልሰነዋል፡፡

አባቶቻችን በቅኔ ቤት ይህን አይፈቅዱም ነበር፡፡ ተማሪው ዕለት ዕለት አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፤ የትላንቱን ዛሬ መድገም፣ የሌላውንም እንደ ራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው፡፡ ቃሉን በቃል የያዘ ሁሉ ቅኔ አዋቂ አይባልም፤ ሰሙን ሰምቶ «ወርቁስ?» የሚል እንጂ፡፡ የቅኔ ቤትን ጉድለት አላጣሁትም፤ ብዙ ነገር አላስተማረም፡፡ ከላይ ካለው ቃል ሥር ሌላ ነገር መኖሩን መጠርጠር ግን አስተምሯል፡፡ ዘመናዊ ነን ያልን እኛ ሰሙን ባለ አራት ምርጫ አድርገን ወርቁን ተውነው፡፡

ለፈተና መዘጋጀት ይቅር አልልም፡፡ መንግሥት ሠራተኛውን በዘመድ ከሚመርጥ በፈተና ቢመርጥ ሺህ ጊዜ ይሻላል፤ ስለ አገሩ ጉዳይ የሚጠየቅ ወጣትም ምንም ከማይጠየቀው የተሻለ ነው፡፡ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፡፡ ፈተና የምናወጣ ሰዎች ከአምስት «ስንት ነው?» መካከል አንድ «እንዴት ታወቀ?» እንጨምር፡፡ ለማረም ያስቸግራል፤ አውቃለሁ፡፡ ሆኖም ዛሬ ክቡን የሚያጠቁረው ልጅ ነገ ክልል የሚመራ፣ የሕንፃ ፈቃድ የሚሰጥ፣ ስለ ወደብ የሚደራደር፣ የደን በጀት የሚመድብ ሰው ነው፡፡ የሸመደደውን ቁጥር ይዞ ነው ወደዚያ ወንበር የሚሄደው፡፡

የእህቴ ልጅ ሐሙስ ዕለት ተፈተነ፡፡ ማታ ደወለልኝ፡፡ የደኑ ጥያቄ መጥቶ ነበር፡፡ ከመሄዱ በፊት ታሪኩን ሳይወድ በግዱ አሰምቼው ስለነበር «ምን መለስክ?» አልኩት፡፡

«ለ. 40 በመቶ» አለኝ፡፡ «ምን ላድርግ ጋሼ፣ ‹አልተለካም› የሚል ምርጫ አልነበረም፡፡»

ልክ ነው፤ እኔም በዚያን ጊዜ አላስቀመጥኩትም ነበር፡፡ ያ ተማሪ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፡፡ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ከሆነ ግን፣ ጥያቄው ትክክል እንደነበረና ሁለት ነጥብ እንዳለብኝ ይወቅልኝ፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡